ወደቀ ብለን የሳቅነው እኛ ነን

ከጥምቀት በኋላ ባለው ደረቅ ወር ነው። ወላይታ ሶዶ ውስጥ ካሉት ትምህርት ቤቶች በአንዱ የተማሪዎች የፈጠራ ሥራ ዐውደ ርእይ ተዘጋጅቶ ነበር። የትምህርት ቤቱን ስም አንጠራም፤ የምናወራው ጥፋት የእሱ ብቻ አይደለምና። እኛም እንደ ሁሉ ሰው ሄድን። በፀሐይ የሚሠራ ምድጃ፣ በስልክ የሚከፈት በር፣ ከውሃ ኮዳ የተሠራ ፓምፕ አየን። የብዙው ሰው ዓይን ግን የሜዳው ጥግ ላይ ካለች ጠረጴዛ አልተነሳም። ጠረጴዛዋ ላይ አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ከፎም ቆርጦ የሠራት፣ ግራጫ ቀለም የተቀባች፣ ክንዳችን የምታክል ተዋጊ ጄት ተቀምጣለች። ሆዷ ውስጥ ክብ ማራገቢያ አለ፤ ልጁ ሪሞቱን ሲነካው እንደ ተርብ ትጮኻለች።

የመብረሪያዋ ሰዓት ደረሰ። ጓደኛው በሁለት እጁ ከራሱ በላይ ይዟት ሮጠና ወረወራት። ትንሽ ዝቅ አለች፣ ከዚያ ቀና ብላ ወጣች። ጭብጨባው ቀለጠ። ግማሽ ዙር ዞረች። ከዚያ ልጁ ሪሞቱን ወዲህና ወዲያ ቢለውም አልሰማ አለች፤ አፍንጫዋን ደፍታ ከአጥሩ ማዶ ካለ የእንሰት ጓሮ ውስጥ ገባች። ከእጅ ከወጣች አንድ ደቂቃ እንኳን አልሞላትም።

ቀጥሎ የሆነውን መናዘዝ አለብን፤ ሳቅን። ሜዳው በሙሉ ሳቀ። አንዱ «የተከበራችሁ መንገደኞች፣ ቀበቷችሁን እሰሩ» አለ። ሌላው «ከትምህርት ቤት ተነስታ ከእማማ ጓሮ ያረፈች የመጀመሪያዋ በረራ» አለ። ቀልዱ ጥሩ ነበርና እኛም ጨመርንበት። ያልሳቁት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ የጓሮው ባለቤት እናት። ነጠላቸውን እየሳቡ በአጥሩ ብቅ አሉና «ሰው ተጎዳ እንዴ?» ብለው ጠየቁ። የዚያን ቀን ከተጠየቁት ጥያቄዎች ሁሉ ትክክለኛው የእሳቸው ነበር። ይህ ግን የገባን ቆይቶ ነው።

ልጁ ምንም አልተናገረም። ስብርባሪውን ለቃቅሞ በማዳበሪያ ጆንያ ከተተና ሽልማቱ ሳይሰጥ ወደ ቤቱ ሄደ። ሽልማቱን የበሩ መክፈቻ ወሰደ።

ጆንያው ሲፈታ

ከሦስት ወር በኋላ ከልጁ ጋር አንድ የሞባይል ጥገና ቤት ደጃፍ ላይ ተገናኘን። «ያቺ አውሮፕላን የት ደረሰች?» አልነው። «ተውኳት» አለ። ለምን ቢባል «እኔ ማብረር አልችልም፤ አይታችሁ የለ?» አለን። የራሱ እጅ እንደጣላት አምኖ ተቀምጧል። ጆንያውን ይዞ እንዲመጣ ለመንነው። አንደኛችን ኤሌክትሪክ አጥንቷል፤ ጠጋኙም ብየዳውን አዋሰን።

ጆንያው ሲፈታ ያስደነገጠን ከአውሮፕላኗ በፊት ባትሪዋ ነው። ሊቲየም ፖሊመር የሚባለው ዓይነት ነው፤ ለስላሳ ከረጢት የሚመስል፣ ከስልክ ባትሪ እጅግ የበለጠ ጉልበት ባንዴ የሚለቅ። በአንድ ጎኑ ተደፍጥጦ፣ በሌላው ጎኑ እንደ ዳቦ ተነፍቷል። እንዲህ ዓይነት ባትሪ ሲጎዳ ወዲያው ባይቀጣጠል እንኳ ቆይቶ ሊቀጣጠል ይችላል። ይህን ልማድ ያደረጉ ሰዎች አውሮፕላን ሲወድቅባቸው ባትሪውን ነቅለው ከሰውና ከሣር ርቆ ባዶ መሬት ላይ፣ አሸዋ ካለም አሸዋ ላይ ያቆዩታል። የእኛ ልጅ ግን ሦስት ወር ሙሉ ጆንያውን አልጋው ሥር አስቀምጦት ነበር፤ በዚያች ክፍል ደግሞ ሁለት ታናናሾቹ አብረውት ይተኛሉ። ማንም አልነገረውም። እንዴት ይነግረዋል? የሚያውቅ ሰው ቢኖር እንኳ እየሳቀ ነበር።

ባትሪውን አሸዋ በሞላ ባልዲ ከደጅ አወጣነውና በሌላ ባትሪ አውሮፕላኗን አበራናት። ሁሉም ነገር ይሠራል። ጭራዋ ይታዘዛል፣ ክንፏ ይታዘዛል። ልጁ «አላልኳችሁም? ዕቃው ደህና ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። የጠጋኙ ሱቅ ሥራ በዝቶበት ስለነበር አውሮፕላኗን እንደበራች ጠረጴዛ ላይ ትተን፣ መሪውን አልፎ አልፎ እየነካካን ወሬ ጀመርን። ጥቂት ደቂቃዎች አለፉ። ከዚያ በድንገት ሁሉም ነገር ቀጥ አለ። ሪሞቱ በርቷል፣ ባትሪው ሙሉ ነው፣ አውሮፕላኗ ግን ሞታለች። ጠጋኙ ጣቱን የሞተር መቆጣጠሪያዋ ላይ አሳረፈና «አቃጠለኝ!» ብሎ ሳበው። ትንሽ ቀዝቀዝ ሲል ራሷ ነቃች። ጭራዋ እንደገና ታዘዘ።

ምክንያቱ ይኸው ነው። የሞተር መቆጣጠሪያው ለማራገቢያው ጉልበት ከማደል ሌላ አንድ ተጨማሪ ሥራ አለው። የባትሪውን 11 ቮልት ወደ 5 ቮልት አውርዶ የሪሞቱን ተቀባይና መሪዎቹን የሚያንቀሳቅሱትን ትናንሽ ሞተሮች፣ ሰርቮ የሚባሉትን፣ ይመግባል። ርካሾቹ መቆጣጠሪያዎች ትርፉን ቮልት የሚያስወግዱት ወደ ሙቀት ቀይረው ነው። ሰርቮ ሲበዛ ወይም ሲጨናነቅ ሙቀቱ ይበዛል፤ መቆጣጠሪያው ራሱን ለማዳን መመገቡን ያቆማል። ያኔ አውሮፕላኗ ጆሮዋን ታጣለች። የልጁ አውሮፕላን አራት ሰርቮ አላት፤ የጭራዋ ማጠፊያ ላይ ኮላ ፈስሶ ስለደረቀ ደግሞ አንዱ ሰርቮ ሥራ በሌለውም ጊዜ ሲታገል ይውላል።

ታዲያ ቤቱ ሲሞክራት ለምን አልሞተችም? ቤቱ ሲሞክራት አንድ ደቂቃ አብርቶ አጥፍቶ ነው። የዐውደ ርእዩ ቀን ግን «ተዘጋጅ» ተብሎ ባትሪዋን ሰካ፤ ከዚያ የክብር እንግዶች ንግግር ቀጠለ። የመክፈቻ ንግግር፣ የምስጋና ንግግር፣ አጋጣሚውን በመጠቀም የሚደረግ ንግግር። አውሮፕላኗ በዚያ የቀትር ፀሐይ፣ ግራጫ ሆድዋ ውስጥ አየር ሳይገባ፣ በርታ ቆመች። ልጁም ለእንግዶቹ ጭራዋን ያወዛውዛል። ስትወረወር መቆጣጠሪያዋ አስቀድሞ ግሎ ነበር። እንግዲህ አንባቢ ይፍረድ፤ አውሮፕላኗን የጣላት ማን ነው? በከፊል የደረቀ ኮላ፣ በከፊል ርካሽ ዕቃ፣ በከፊል ደግሞ ረጅም ንግግር ነው። የልጁ እጅ ከዝርዝሩ ውስጥ የለችበትም።

የሶዶ አየርም አለበት

አንድ ነገር ደግሞ እንጨምር፤ ስትወረወር ዝቅ ያለችው ለምን ነበር? ሶዶ ከዳሞታ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። በባሕር ወለል አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። በእኛ ከፍታ፣ ሙቀቱ 25 ዲግሪ በሆነበት ቀትር፣ ይኸው አየር 0.93 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ክንፍ የሚሸከመው በአየር ነው፤ ማራገቢያም የሚገፋው አየር ነው። ከአየሩ ሩብ ያህሉ ሲጎድል ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት ቢሽከረከርም ግፊቱ በሩብ ያህል ይቀንሳል፤ አውሮፕላኗ ደግሞ አየር ላይ ለመቆየት ከባሕር ዳርቻው 15 በመቶ ያህል ፈጥና መሄድ አለባት። ጉልበት አነሰ፣ ፍላጎት ጨመረ። ዕቃው ማሸጊያ ላይ «ይህን ያህል ክብደት ያነሳል» ተብሎ የተጻፈው ለእኛ ከፍታ አይደለም።

ይህ ለትልልቆቹም ያው ነው። ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለሚገኝ መንደርደሪያው ወደ 4 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። አየር መንገዱ ይህን ሒሳብ በየበረራው ይሠራል። የእኛ ልጅ ግን ፎሙን የቆረጠው ከሌላ አገር ቪዲዮ በቀዳው ልክ ነው። በጠዋቱ ብርድ ቢያበራት፣ ክንፏን አንድ ሁለት ጣት ቢያረዝምላት የተሻለ ዕድል ነበራት። ስለ አየር እፍጋት በፊዚክስ ክፍል ተምሯል፤ ፈተናም አልፏል። የተማረው ነገር እዚሁ ሶዶ ሜዳ ላይ ስለ እሱ እየተናገረ መሆኑን ያሳየው ግን አልነበረም።

ጄት የሚመስል ሞዴል ደግሞ ራሱ አስቸጋሪ ነው። ፊቱ ላይ የምትሽከረከር ፕሮፔለር ያለችው አውሮፕላን ቀስ ብላ ስትሄድ እንኳ የፕሮፔለሯ ነፋስ ጭራዋን ይመታላታልና መሪዋ ይታዘዛል። ጄቷ ነፋሷን ወደ ኋላ ትተፋዋለች፤ ጭራዋ የሚሠራው ስትፈጥን ብቻ ነው። ለዚህ ነው በዓለም ላይ ያሉ የዚህ ጨዋታ ሰዎች ጀማሪን ከጄት እንዳይጀምር የሚመክሩት። የሚጀመረው ሰፊ ክንፍ ካላት፣ ዝግ ብላ ከምትንሳፈፍ አውሮፕላን ነው። እኛ ግን ልጁን «ተዋጊ ጄት ሠራ!» ብለን አጨበጨብን። ሰፊ ክንፍ ያላት ዝግተኛ አውሮፕላን ይዞ ቢመጣ ማን ዞር ብሎ ያየው ነበር?

የሰለጠኑትም ይጥላሉ

ሶዶ ስለሆነ ነው የወደቀችው የሚል ካለ እስቲ ወደ ሌላው ዓለም እንሂድ። በአውሮፓና በአሜሪካ እውነተኛ የጄት ሞተር ያላቸው ሞዴሎች ይበራሉ። ሞተሩ የጀሪካን ያህል እንኳ አይሆንም፤ ኬሮሲን ከጥቂት ዘይት ጋር ተቀላቅሎ ይጠጣል፤ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ይሽከረከራል። አውሮፕላኑ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል፤ ዋጋው ብዙ ሺህ ዶላር ነው። እነዚህም ይወድቃሉ። በነዳጅ ቱቦው ውስጥ አንዲት የአየር አረፋ ብትገባ ሞተሩ አየር ላይ ይጠፋል። አብራሪው ጉልበት ቢጠይቅ ሞተሩ ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው ለመድረስ ሰከንዶች ይወስዳል፤ በእነዚያ ሰከንዶች ውስጥ ሜዳው ያልቃል። የእግር ማውጫው ይጣበቃል፣ ሽቦ ይላላል፣ ባትሪ ይከዳል።

ታዲያ ልዩነታችን ምንድን ነው? እነሱ ከመውደቁ በኋላ የሚያደርጉት ነገር አላቸው። ስብርባሪውን ያገላብጣሉ፣ ምክንያቱን ይፈልጋሉ፣ ለሌላው ይናገራሉ። አንዱ የተከዳበት ባትሪ ለሁሉም ሕግ ሆነ፤ ዛሬ ትልልቆቹ ሞዴል ጄቶች ለመሪያቸው ከሞተሩ የተለየ፣ ብዙ ጊዜም ሁለት፣ ባትሪ ይይዛሉ። የሪሞቱ ምልክት ቢጠፋ ሞተሩ በራሱ ዝቅ እንዲል አስቀድሞ ይሞላል። ከበረራ በፊት ሪሞቱን ይዞ ርቆ በመሄድ ምልክቱ መድረሱ ይፈተሻል። እሳት ማጥፊያ ከጎን ይቀመጣል። አሜሪካ ውስጥ በ1936 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የሞዴል አብራሪዎች ማኅበር አባሉ የጄት ሞተር ያለው ሞዴል ከማብረሩ በፊት የተለየ የብቃት ፈቃድ እንዲያወጣ ያዛል። ከእነዚህ ሕጎች ጀርባ ያለው የተሰበረ አውሮፕላን ነው።

ደግሞ ሁሉም በሀብት አልተጀመረም። ዛሬ በፋብሪካ ለሚሠሩት ትናንሽ የጄት ሞተሮች መንገድ ከጠረጉት አንዱ ኩርት ሽሬክሊንግ የተባለ ጀርመናዊ ነው። አየር የሚያምቀውን ጎማ የሠራው ከኮምፖንሳቶ ነበር፤ በካርቦን ክር ጠቅልሎ። እንደ እሱ በቤታቸው የሠሩ ሰዎች የሞተሩን ቀፎ ለማውጣት የካምፕ ጋዝ ጣሳ ይቆርጡ ነበር። ጣሳ መቁረጥ እኛም እናውቅበታለን። መርካቶ ምናለሽ ተራ ሄዶ ያየ ይመስክር። የሚጎድለን የቆረጥነውን፣ የሞከርነውንና የከሸፈብንን መጻፉ ነው።

የራሳችን ታሪክ

በ2007 ዓ.ም. አስመላሽ ዘፈሩ የተባለ ሰው በአገራችን ብዙ ተወራለት። የኅብረተሰብ ጤና ያጠና ነው፤ አብራሪ መሆን ፈልጎ ከሚጠየቀው ቁመት 1 ሴንቲሜትር ስለጎደለ አልተቀበሉትም። እሱም የራሱን አውሮፕላን ሠራ። ያገለገለ የቮልስዋገን ሞተር ገዛ፣ ትምህርቱን ከመጻሕፍትና ከዩቲዩብ ለቀመ። ኬ-570ኤ አላት፤ ኬ ለእናቱ ለኪሮስ፣ 570 ደግሞ ለፈጀባት ቀናት። ሰኔ 2007 ላይ መሬት ላይ ሲያንደረድራት ፕሮፔለሯ ተሰበረች።

ያን ጊዜ ያወራነውን አስታውሱ። ግማሻችን «ጀግና» አልን፣ ግማሻችን «ዕብድ» አልን። ፕሮፔለሯ ለምን ተሰበረች ብሎ የጠየቀ ስንት ነው? እንጨቱ ምን ዓይነት ነበር? ሞተሩ ይንቀጠቀጥ ነበር? ጠጠር መታት? ይህን የሚመልስ አንድ ገጽ ጽሑፍ በየቴክኒክ ትምህርት ቤቱ ተለጥፎ ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ ሶዶ ወይም ደብረ ብርሃን ላይ ፕሮፔለር የሚቀርጽ ልጅ ከዚያ ይጀምር ነበር። ጀግናም ዕብድም ብለን ሰውየውን ብቻ አየን። ዕቃውን አላየንም።

ከዚያም ወደ ኋላ እንሂድ። ፀሐይ የተባለችው፣ አዲስ አበባ ላይ በጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበርና በኢትዮጵያውያን እጅ ተሠርታ በታኅሣሥ 1928 የበረረችው ትንሽ አውሮፕላን በጣሊያን ተወስዳ ሙዚየም ገባች። በጥር 2016 ዓ.ም. ወደ አገሯ ስትመለስ ሁላችንም ደስ አለን፤ ፎቶዋን ተለዋወጥን። ያስደሰተን ማየታችን ነው። ግን ከ1928 እስከ 2016 በመካከሉ ያለው ጊዜ በሙሉ የት ሄደ? እሷን የሠሩት እጆች የተማሩትን ለማን አስተማሩ? አንድ ነገር ሲበር እናጨበጭባለን፣ ሲወድቅ እንስቃለን፣ ሲጠፋ እንረሳለን፣ ሲመለስ ደግሞ ፎቶ እንነሳለን።

አንዱን ግን አውቀንበታል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ጠዋት ከቦሌ የተነሳው የበረራ ቁጥር 302 አውሮፕላን በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አጠገብ ወደቀ፤ 157 ሰው አለቀ። ከፎም ጨዋታ ጋር ለማነጻጸር አይደለም የምናነሳው፤ ያ ሐዘን ነው። ነገር ግን ያኔ ከሩቅ አገር ሳይቀር ጣቶች ወደ አብራሪዎቻችን ሲቀሰሩ አገራችን ምን አደረገች? ስብርባሪውን ሰበሰበች፣ ሳጥኖቹን አስመረመረች፣ አንድ አነፍናፊ ዕቃ የተሳሳተ ልክ እንደሰጠና የአውሮፕላኑ ሥርዓት ያንን አምኖ አፍንጫውን ደጋግሞ እንደደፋ አሳየች። ከኢንዶኔዥያው ጋር 346 ሰው ካለቀ በኋላ ያ የአውሮፕላን ዓይነት በመላው ዓለም መሬት ላይ ቆመ፤ አሜሪካ ዳግም እንዲበር የፈቀደችው ከ20 ወራት በኋላ ነው። «አብራሪው ነው» ከሚለው አፍ የዳንነው በምርመራ ነው። ይህን ያየ ሕዝብ አንዲት የፎም አውሮፕላን ስትወድቅ «ልጁ ነው» ብሎ መሳቁ ያሳፍራል። አሳፈረንም።

«አሁን ይህ ጨዋታ ያስፈልጋል?»

ሐሳባችንን ስናካፍል ሁለት ተቃውሞ ገጠመን። ሁለቱም ቀላል አይደሉም።

የመጀመሪያው የኑሮ ነው። «በወላይታ መሬቱ ጠቦ፣ ወጣቱ ሥራ አጥቶ ወደ አዲስ አበባና ወደ ሐዋሳ፣ አልፎም በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ እየተሰደደ እናንተ ስለ መጫወቻ ታወራላችሁ?» አሉን። አዎ፣ እናወራለን። ልጁ ያቺን አውሮፕላን ሲሠራ ብየዳ ለምዷል፣ ቮልትና አምፔር አውቋል፣ የክብደት ሚዛን አስልቷል። በዚያው እጁ ነገ የውሃ ፓምፕ ይጠግናል፣ የሶላር መብራት ይገጥማል። የሚያሳስበን አውሮፕላኗ መውደቋ ሳይሆን ልጁ ብየዳውንም አብሮ መተዉ ነው። «እኔ አልችልም» ያለ ልጅ ቀጥሎ የሚያስበው መንገዱን ነው።

ሁለተኛው የጸጥታ ነው፤ ይህኛውን ደግሞ በአክብሮት እንመልሳለን። በሰሜኑ ጦርነት፣ ከዚያም ወዲህ በአማራ ክልል፣ ድሮን የሚለው ቃል ለብዙ ቤት የሞት ድምፅ ሆኗል። ሰማይ ላይ የሚጮህ ነገር ሲሰማ ልቡ የሚመታ ሰው አለ፤ መብቱ ነው። በአገራችን ድሮን ያለ ፈቃድ ማስገባትም ማብረርም ክልክል ነው። ስለዚህ ማንም ልጅ ከቤቱ ጀርባ ብድግ አድርጎ ያብርር አንልም። ሞዴል ቢሆንም ፈጥኖ የሚሄድ ነገር ሰው ይጎዳል፤ ባትሪውም ቤት ያቃጥላል። እኛ የምንለው፣ ሥራው በሥርዓት እንዲሆን በር ይከፈትለት ነው። የተዘጋ በር ልጆቹን አላስቀራቸውም፤ የከለከላቸው ነገር ቢኖር የሚነግራቸውን ሰው ማግኘትን ነው። አልጋ ሥር የተነፋው ባትሪ ምስክራችን ነው።

ምን ይደረግ?

ብዙ አንጠይቅም።

አንድ፦ ሶዶ ዛሬ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት። ዩኒቨርሲቲ አላት፣ ፖሊ ቴክኒክ አላት። ስለ ትልቁ አየር ማረፊያ ከተማው ብዙ ጊዜ አውርቷል፤ ይቀጥል። ለትንንሾቹ ግን አንድ የታጠረ ሜዳ፣ በሳምንት አንድ ጠዋት፣ አንድ ኃላፊ መምህር ይበቃል። ፈቃዱን ልጁ ሊያወጣው አይችልም፤ ተቋሙ ከሲቪል አቪዬሽንና ከሚመለከታቸው አካላት ጋር ተነጋግሮ ሊያወጣው ይችላል። ተመልካች ከየት ወዲህ እንደሚቆም መስመር ይሰመር፣ አሸዋ በባልዲ ይቀመጥ፣ የጎረቤት እማማም ቀድመው ይነገራቸው።

ሁለት፦ በየዐውደ ርእዩ ሽልማት የሚሰጠው ለሠራ ዕቃ ብቻ አይሁን። «የከሸፈብኝና ምክንያቱ» የሚል አንድ ገጽ ጽፎ ለሚያቀርብ ተማሪም ሽልማት ይኑር። ዳኞቹ ያንን ገጽ ያንብቡት። ከሠራ ዕቃ ይልቅ የከሸፈ ዕቃ የበለጠ ሊያስተምር እንደሚችል የሚያውቅ ዳኛ ቢገኝ ደግሞ እሰየው።

ሦስት፦ የክብር እንግዶች ንግግር ከበረራው በኋላ ይሁን። ይህን የምንለው በቀልድ አይደለም።

አራት፦ ይህ የእኛ ድርሻ ነው። አንድ ደብተር ገዝተናል፤ ባለ 100 ገጽ ተራ ደብተር። የመጀመሪያውን ገጽ ልጁ በራሱ እጅ ጻፈው። ምን ሠራሁ፣ ምን ሆነ፣ ምን አገኘሁ፣ ቀጥሎ ምን እቀይራለሁ። «ምን ሆነ» በሚለው ሥር «እንሰት ውስጥ ወደቀች፤ ሰው አልተጎዳም» ብሎ ጀመረ። ከዚያ ቀና ብሎ አየንና «የእማማ ጥያቄ ነው የቀደመው አይደል?» አለን።

አውሮፕላኗ ገና አልበረረችም። የጭራዋ ኮላ ተፍቋል፤ ለመሪዋ ከአሮጌ ቴፕ የወጣ የአራት ባትሪ ማቀፊያ ተገኝቶ ለብቻው ተገጥሞላታል፤ ክንፏ ሊረዝም ፎም ይጠብቃል። ማራገቢያዋ አንድ ምላጭ ስለተሸረፈ ምትክ ያስፈልገዋል፤ ምትኩ ደግሞ አዲስ አበባ ካለ ዘመድ እስኪመጣ መጠበቅ ነው። ምናልባት ለጊፋታ ይደርስ ይሆናል፣ ምናልባትም አይደርስ። ፈቃድና ሜዳ ከተገኘ በአንድ ቀዝቃዛ ጠዋት ትወረወራለች። ልትወድቅም ትችላለች።

ያኔ እዚያ የምትገኙ አንባቢዎቻችን፣ አደራ። ከመሳቃችሁ በፊት መጀመሪያ ሰው መጎዳቱን ጠይቁ። ቀጥሎ ባትሪውን ነቅላችሁ አሸዋ ላይ አድርጉ። ከዚያ ልጁ አጠገብ ቁጭ በሉና «እስቲ አብረን እንያት» በሉት። ደብተሩ 99 ባዶ ገጽ አለው።